ስልክዎ ተራራ ላይ ቢዘጋ፦ በካርታና በኮምፓስ መንገድ የመያዝ ዝርዝር መመሪያ

ተራራ ላይ ስልክ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በተራ ምክንያት ነው። ብርዱ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ ዝናብ ይገባበታል፣ ድንጋይ ላይ ወድቆ ስክሪኑ ይሰነጠቃል፣ ወይም ካርታው አስቀድሞ ስላልወረደ ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ስሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ይህ ሲገጥም ጉሙም አብሮ ሊወርድ ይችላል። ከእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል ሲያይ የነበረ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ከፊቱ ያለውን ጅባራ ብቻ ሊያይ ይችላል።

ኮምፓስ የሚረዳው ከጥቂት ደቂቃ በፊት የት እንደነበረ ለሚያውቅ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ብቻ እያየ የመጣ ሰው፣ ስልኩ ሲዘጋ ኮምፓስ ቢያወጣ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል እንጂ እሱ ራሱ የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ለአደጋው ሰዓት የሚሆነውን ያህል፣ ከዚያ በፊት ላሉት ሰዓታትም ቦታ ይሰጣል። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰድኩት ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዘዴው ግን የትም ይሠራል፤ ሲያትል ወይም ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተራራ ለሚወጡ ወገኖች የሚለየውንም በየቦታው አነሳለሁ።

ከቤት ሳይወጡ

ለእግር ጉዞ የሚመቸው ባለ 1፡50,000 ስኬል ቶፖግራፊክ ካርታ ነው። ካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። በአገራችን ይህን ካርታ ሲያዘጋጅ የኖረው የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ነው፤ ሥራው አሁን ወደ ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተዛውሯል። ከሉሆቹ ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። ይህ ካርታውን ከመያዝ አያስቀርዎትም፤ ጋራና ወንዝ ቦታቸውን አይለቁምና። መንደርና መንገድ ግን ይለቃሉ። ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር በቆየ ካርታ ላይ አለ፤ ነዋሪዎቹ ግን ከዓመታት በፊት ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። መንደሩን ምልክት አድርጎ የሚፈልግ ሰው በዚህ ይሳሳታል። በቆየ ካርታ ሲጓዙ በቅድሚያ የሚታመኑት ሸንተረር፣ ሸለቆ፣ ወንዝና ጫፍ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ስልክ ግን የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። ከስልክ የጻፉትን የቦታ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) እንዳለ ካርታው ላይ ቢያሳርፉት ከእውነተኛው ቦታ 200 ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል። በገደል አፋፍ ላይ 200 ሜትር ብዙ ነው። የካርታውን ኅዳግ ያንብቡ፤ መተግበሪያዎ የሚፈቅድ ከሆነም ልኬቱን ወደ አዲንዳን ይቀይሩት።

ኮምፓስ ሲገዙ ግልጽ የፕላስቲክ መደብና የሚሽከረከር፣ 360 ዲግሪ የተጻፈበት ቀለበት ያለውን ይምረጡ። ቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሹ ኮምፓስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከውጭ አገር የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ ይህን ይጠይቁ፦ መርፌው ለየትኛው የዓለም ክፍል ነው የተመዘነው? የምድር ማግኔታዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። ለአሜሪካ ወይም ለሰሜን አውሮፓ የተመዘነ መርፌ እኛ አገር ሲመጣ አንዱ ጫፉ ያዘነብልና ከመደቡ ጋር ይታከካል፤ ሲታከክ ደግሞ ሰሜንን ሳያገኝ ይቆማል። ለሁሉም ቦታ እንዲሆን የተሠራ፣ ግሎባል የሚባል መርፌ ያለውን ማግኘት ጥሩ ነው። ያለዎት የሚታከክ ከሆነም አይጣሉት፤ መርፌው እንደልብ እስኪዞር ድረስ ኮምፓሱን በጥቂቱ ዘንበል አድርገው ይያዙት።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የማግኔታዊ ሰሜን ልዩነት ነው። መርፌው የሚያመለክተው የካርታውን ሰሜን ሳይሆን ማግኔታዊውን ሰሜን ነው። በኢትዮጵያ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እንደ አካባቢው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ። ሲያትል አካባቢ ወደ 15 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ወደ 11 ዲግሪ ምዕራብ ነው። የአንድ ዲግሪ ስህተት በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ 17 ሜትር ተኩል ያህል ያርቃል። ስለዚህ 3 ዲግሪን መርሳት በኪሎ ሜትር 50 ሜትር ገደማ ያስታል፤ የሲያትሉን 15 ዲግሪ መርሳት ግን ከ260 ሜትር በላይ ነው። ቁጥሩ በጊዜ ብዛት ስለሚለወጥ፣ የቆየ ካርታ ኅዳግ ላይ የተጻፈውን እንዳለ አይውሰዱ። ከጉዞው በፊት የአሁኑን ከኢንተርኔት ፈልገው ካርታው ላይ በእርሳስ ይጻፉት።

ከዚህ ሌላ የሚያዙት ጥቂት ነው፤ ካርታውን ከዝናብ የሚከልል ላስቲክ፣ እርሳስና ትንሽ ማስታወሻ፣ የእጅ ሰዓት፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ። ሰዓቱን እንደ ትርፍ ነገር አይቁጠሩት፤ ስልክ ሲዘጋ ሰዓትም አብሮ ይጠፋል።

ካርታውን በመሬቱ ማንበብ

ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መስመሮች እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛሉ። በመስመሮቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ኅዳጉ ላይ ተጽፏል፤ በባለ 1፡50,000 ሉሆች ላይ 20 ሜትር የሆነውን ብዙ ያገኛሉ። በዚህ ልክ ሁለት መስመሮች በ1 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ ቁልቁለቱ 22 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይሄዱበታል፣ ግን ያለከልክዎታል። በግማሽ ሚሊ ሜትር ከተራራቁ ወደ 39 ዲግሪ ይጠጋል፤ ያ መንገድ አይደለም። መስመሮቹ ተደራርበው አንድ ወፍራም ጥቁረት ከሆኑ ገደል ነው። የስሜን አፋፍ ካርታ ላይ የሚታየው እንዲህ ሆኖ ነው።

መስመሮቹ እንደ ቀስት ጫፍ ሲሾሉ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ጫፉ ወደ ከፍታው ካመለከተ ሸለቆ ወይም የወንዝ መውረጃ ነው፤ ወደ ዝቅታው ካመለከተ ሸንተረር ነው። በሁለት ጫፎች መካከል ያለው ዝቅ ያለ መሻገሪያ፣ የአገሩ ሰው በር የሚለው፣ በሁለት በኩል ከፍ በሁለት በኩል ዝቅ ሲል ይታወቃል። በር ለመንገደኛ ከሁሉ የተሻለ ምልክት ነው፤ በጉምም ቢሆን እግርዎ ዳገቱ ማለቁንና ቁልቁለቱ መጀመሩን ይነግርዎታል።

ስልኩ እየሠራም ቢሆን ቦታዎን አይልቀቁ

ካርታውን ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት። እጅዎ ላይ አጥፈው ይያዙት፤ አውራ ጣትዎን ያሉበት ቦታ ላይ ያድርጉ፣ ሲራመዱም አብረው ያንቀሳቅሱት። ካርታውን ምንጊዜም ከመሬቱ ጋር ያስተካክሉት፦ ኮምፓሱን ካርታው ላይ አሳርፈው፣ የካርታው ሰሜን ከመርፌው ቀይ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ካርታውን ያዙሩ። ፊደሎቹ ቢገለበጡም ግድ የለም። ካርታው ላይ በቀኝ ያለው ወንዝ መሬት ላይም በቀኝዎ መሆን አለበት።

በየግማሽ ሰዓቱ፣ እንዲሁም ወንዝ በተሻገሩና በር ባለፉ ቁጥር ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ወዴት እንደሚያቀኑ። «4፡20፣ የጅንባርን ወንዝ ተሻገርን፣ ወደ ግጭ» ማለት ይበቃል። ስልኩ 6 ሰዓት ላይ ቢዘጋ የጠፋብዎት ቢበዛ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ቢሆን ይህን እንዲወስዱ እለምናለሁ።

ስልኩ ሲዘጋ፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

ይቁሙ። ብዙ ሰው የሚጠፋው ስልኩ በተዘጋበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ በኋላ «ትንሽ ወደፊት ልይ» ብሎ በሄደው መንገድ ነው። ልብስዎን ይደርቡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ስልኩን ብብትዎ ስር ያስገቡት፤ በብርድ የተዘጋ ባትሪ ሲሞቅ ለጥቂት ደቂቃ ሊነሳ ይችላል። ከተነሳ በመጀመሪያ ያሉበትን ቦታ ቁጥር ጻፉና መልሰው ይዝጉት፤ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም እንደሚሠራ አይርሱ።

ከዚያ የመጨረሻውን ማስታወሻ አይተው ሦስት ጥያቄ ይመልሱ። ከመጨረሻው የታወቀ ቦታ ስንት ደቂቃ ተጓዝን? ዳገት ነበር ወይስ ቁልቁለት? ውሃው ወይም አፋፉ በየት በኩል ነበር? በዚህ ብቻ ካርታው ላይ እርስዎ ሊኖሩበት የሚችሉት ክልል ጠቦ ጥቂት መቶ ሜትር ይሆናል።

ከእርስዎ ጋር የፓርኩ ስካውት (ታጥቆ የሚያጅብዎ ጠባቂ) ካለ አገሩ ነውና እሱን ያዳምጡ። ካርታውን አውጥተው አብረው ይዩ፤ እሱ የቦታውን ስም ሲጠራ እርስዎ ካርታው ላይ ይፈልጉ።

ከካርታው አቅጣጫ ማውጣት

ከሰሜን ጀምሮ በሰዓት አዙሪት የሚቆጠረውን ዲግሪ ቀያሾች ቤሪንግ ይሉታል፤ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ነው። አወጣጡ እንዲህ ነው።

1. የኮምፓሱን ረጅም ጠርዝ ካሉበት ቦታ ወደሚሄዱበት ቦታ ያገናኙት። መደቡ ላይ የታተመው የጉዞ ቀስት ወደ መድረሻዎ መዞሩን ሁለት ጊዜ ይመልከቱ፤ ቀስቱ ከተገለበጠ ልክ በተቃራኒው ይሄዳሉ።

2. ኮምፓሱን ካርታው ላይ አጥብቀው ይዘው ቀለበቱን ብቻ ያሽከርክሩ። ቀለበቱ ውስጥ ያሉት መስመሮች ከካርታው የሰሜን–ደቡብ መስመሮች ጋር ትይዩ ሲሆኑ፣ የቀለበቱ የሰሜን ምልክትም ወደ ካርታው ራስጌ ሲያይ ያቁሙ። በዚህ ጊዜ መርፌውን አይዩት፤ እዚህ ላይ ሥራ የለውም።

3. የጉዞ ቀስቱ ከቀለበቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 95 ነው እንበል።

4. ልዩነቱን ያስተካክሉ። ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከካርታው ወደ መሬት ሲመጡ ይቀንሳሉ፤ በኢትዮጵያ 3 ዲግሪ ብንል 95 የነበረው 92 ይሆናል፤ ቀለበቱን ወደ 92 ያዙሩት። ልዩነቱ ወደ ምዕራብ በሆነበት፣ እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ባለ ቦታ፣ ይደምራሉ። እዚህ አገር ለግማሽ ኪሎ ሜትር መንገድ ቢተዉት ብዙ አይጎዳም፤ በአፋፍ አጠገብ ግን አይተዉት።

5. ኮምፓሱን ከካርታው አንስተው ደረትዎ ፊት በሁለት እጅ ለጥ አድርገው ይያዙት፤ ክርንዎ ከጎንዎ ይጣበቅ፣ የጉዞ ቀስቱ ከሰውነትዎ ፊት ለፊት ይቁም። አሁን እጅዎን ሳይሆን እግርዎን ይዙሩ። መላ ሰውነትዎ ሲዞር የመርፌው ቀይ ጫፍ ቀለበቱ ውስጥ ወደተሣለው ቀስት ይገባል። ሲረጋ፣ የጉዞ ቀስቱ የሚያመለክተው መንገድዎን ነው።

መርፌውን የሚያስቱ ነገሮች አሉ። ስካውቱ የያዘው ጠመንጃ፣ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ማግኔት ያለው የቦርሳ መቆለፊያ፣ የብረት ምርኩዝ። ከጠመንጃው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ያንብቡ፤ ስልኩ የተዘጋ ቢሆንም ከኮምፓሱ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይክተቱት፤ ውስጡ ማግኔት አለ። ከቆየ መርፌውን ሊያዛባው፣ አልፎ አልፎም ሰሜኑን ደቡብ አድርጎ ሊገለብጠው ይችላል። ስሜን ተራሮች በአብዛኛው ባዛልት ዓለት ስለሆኑ ኮምፓሱን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አያንብቡ። ከተጠራጠሩ ጥቂት እርምጃ ሄደው ደግመው ያንብቡ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ሦስተኛ ቦታ ይሞክሩ።

በቤሪንጉ መሄድ

መርፌውን እያዩ አይራመዱ፤ ትደናቀፋላችሁ፣ መስመሩንም ትስታላችሁ። ቀስቱ በሚያመለክተው መስመር ላይ አንድ የሚለይ ነገር ይምረጡ፤ የተለየ ቅርጽ ያለው ድንጋይ፣ ብቻውን የቆመ ጅባራ፣ የአስታ ቁጥቋጦ። ጭላዳና በግ ምልክት አይሆኑም፤ ይንቀሳቀሳሉ። ኮምፓሱን ዝቅ አድርገው ወደዚያ ይሂዱ፤ ሲደርሱ ቀጣዩን ይምረጡ። መሃል ላይ ጉድጓድ ወይም ረግረግ ቢገጥምዎት ዞረው ምልክቱ ጋ መድረስ ይችላሉ፤ መስመሩ አይጠፋም።

ጉሙ ወፍራም ሆኖ ምልክት ከሌለ ጓደኛዎን ምልክት ያድርጉት። እስከሚታይበት ድረስ ወደፊት ይሂድ፤ እርስዎ በኮምፓሱ እያዩ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እዚያው ቁም» ይበሉት። ከዚያ ይደርሱበታል፣ እሱም እንደገና ይቀድማል። ይዘገያል፤ ግን ትክክል ነው። ሁለታችሁም ምንጊዜም መተያየት አለባችሁ፤ ካልታየ አይሄድም።

ዘወር ብለው የመጡበትንም ያንብቡ። ከ180 በታች ከሆነ 180 ይደምሩ፣ ከበለጠ ይቀንሱ፤ የ92 መመለሻ 272 ነው። ከኋላዎ የተዉት ድንጋይ በ272 ላይ ካልታየ ወደ ጎን ተንሸራትተዋል ማለት ነው።

የት ነኝ? ከመሬቱ ወደ ካርታው

ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ ሁለት ወይም ሦስት የሚያውቋቸውን ጫፎች ይፈልጉ። የጉዞ ቀስቱን ወደ አንዱ አነጣጥረው፣ ቀይ ጫፉ ወደ ውስጡ ቀስት እስኪገባ ቀለበቱን ያሽከርክሩና ቁጥሩን ያንብቡ። አሁን ከመሬት ወደ ካርታ ስለሆነ የሚሄዱት፣ ማስተካከያው ይገለበጣል፤ በኢትዮጵያ 3 ደምረው ቀለበቱን ወደ አዲሱ ቁጥር ያዙሩት። ኮምፓሱን ካርታው ላይ አድርገው ጠርዙ ጫፉን ይንካ፤ ቀለበቱን ሳይነኩ የውስጡ መስመሮች ከካርታው መስመሮች ጋር ትይዩ እስኪሆኑ መደቡን በሙሉ ያዙሩ፤ በጠርዙም በእርሳስ መስመር ያስምሩ። እርስዎ በዚያ መስመር ላይ የሆነ ቦታ ነዎት። ለሁለተኛው ጫፍ ይድገሙት፤ መስመሮቹ የሚቋረጡበት ቦታዎ ነው። ሦስተኛው ሲጨመር ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይፈጠራል፤ ትልቅ ከወጣ አንዱን ተሳስተዋል።

ጫፎቹ ቅርብና የተራራቁ ይሁኑ፤ በመካከላቸው ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ያህል ቢኖር ይመረጣል። ሩቅ ጫፍ ያታልላል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ርቀት የ1 ዲግሪ ስህተት 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሸንተረር ወይም በወንዝ ዳር መሆንዎን ካወቁ ደግሞ አንድ ጫፍ ብቻ ይበቃዎታል፤ መስመሩ ሸንተረሩን የሚቆርጥበት ቦታ ነው ያሉት።

ርቀትና ሰዓት

በዓይን የማይታየውን ርቀት በእግር ይቆጥሩታል። ግራ እግርዎ መሬት በነካ ቁጥር አንድ ብለው 100 ሜትር ሲሄዱ ስንት እንደሚሆን አስቀድመው ይለኩ፤ ለብዙ ሰው በሜዳ ከ60 እስከ 70 ነው። በዳገት፣ በጓሳና በጭቃ ይበዛል። በየ100 ሜትሩ አንድ ጠጠር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ያዛውሩ፤ ቁጥር ይጠፋል፣ ጠጠር አይጠፋም።

በሰዓት መገመትም ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። ከጨነቅ ካምፕ (3,620 ሜትር ገደማ) ወደ ቧሂት ጫፍ (4,430 ሜትር) ከፍታው 810 ሜትር ስለሆነ ዳገቱ ብቻ 1 ሰዓት ከ20 ይጨምራል። ስሌቱ የተሠራው ግን ለስኮትላንድ ዝቅተኛ ተራሮች ነው፤ 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ያልለመደ ሰው ቢያንስ ግማሹን ይጨምርበት። እኛ አገር ጀንበር በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላም የሚቆየው ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስሌቱ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚያደርስዎ ከሆነ ዛሬ አይሂዱ።

በጉም ውስጥ የሚያዋጡ ዘዴዎች

በመጀመሪያ አደጋው በየት በኩል እንደሆነ ይወስኑ። ስሜን ላይ ከሳንቃበር ካምፕ እስከ ግጭ ታላቁ አፋፍ በስተሰሜን ነው፤ የመኪናው መንገድ በአብዛኛው በስተደቡብ። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ገደሉ በግራው ነው። ስለዚህ ቢሳሳቱም ስህተትዎ ወደ ቀኝ እንዲሆን ቤሪንጉን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ያዘንብሉት። አፋፉ ግን ቀጥ ያለ አይደለም፤ እሜት ጎጎ ላይ በሦስት በኩል ገደል ነው፤ እዚያ ጫፍ ላይ ሆነው ጉም ቢይዝዎት በመጡበት ቤሪንግ መመለስ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ዘዴ ሆን ብሎ መሳት ነው። ወንዝ ዳር ያለ መሻገሪያ የሚፈልጉ ከሆነ በቀጥታ ወደ እሱ አያነጣጥሩ፤ ወንዙ ጋ ደርሰው መሻገሪያውን ካጡት ወደ ቀኝ ይሂዱ ወደ ግራ አያውቁም። በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት 5 ዲግሪ ወደ ላይኛው በኩል ቢያዘነብሉ ከመሻገሪያው 175 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወንዙን ተከትሎ መውረድ ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ ማለፍዎን የሚነግር መስመር አስቀድሞ መምረጥ ነው። ከቧሂት በር ወርዶ ወደ አምቢቆ ለሚሄድ የመሸሃ ወንዝ እንዲህ ያለ መስመር ነው፤ በምንም በኩል ቢስቱ ወንዙን ሳያገኙ ራስ ደጀን አይደረስም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው ማግኘትዎ አይቀርም፤ እረኛ፣ ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ። አጠያየቅዎ ወሳኝ ነው። «አባባ፣ ጨነቅ በዚህ ነው?» ካሉ እንግዳ እንዳይከፋው ብለው «አዎ» ሊሉዎት ይችላሉ። «አባባ፣ ወደ ጨነቅ የሚወስደው የትኛው ነው?» ይበሉና በእጃቸው ሲያመለክቱ ያንን አቅጣጫ በኮምፓስ ያንብቡት። ርቀቱንም «ሩቅ ነው?» አይበሉ፤ «በእግር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ይበሉ፣ የሚሉዎትንም በራስዎ እግር አስልተው ይጨምሩበት።

ኮምፓሱም ከሌለ

በአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት ይላሉ። እኛ ጋ ይህ ለወራት ውሸት ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በእጅ ሰዓት መርፌ ሰሜንን የመፈለጉ ዘዴም ስለዚህ እዚህ አይታመንም። የሚያስተማምነው የጥላ ዘዴ ነው፦ ዱላ ቀጥ አድርገው ይትከሉ፤ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን በጠጠር ምልክት ያድርጉ፤ 20 ደቂቃ ቆይተው አዲሱን ጫፍ ምልክት ያድርጉ። የመጀመሪያው ጠጠር በምዕራብ፣ ሁለተኛው በምሥራቅ ነው። ወደ ቀትር በተጠጋ መጠን ትክክለኛነቱ ይጨምራል፤ እውነተኛው ቀትር ደግሞ በእኛ ሰዓት 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ማታ የሰሜን ኮከብ ስሜን ላይ ከአድማሱ 13 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ክንድን ዘርግቶ ጭብጥን ቢያቆሙ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት በላይ። ትንሽ ጋራ ይከልላታል። የኦሪዮን ወገብ የሆኑት ሦስት የተሰለፉ ኮከቦች ግን በምሥራቅ ወጥተው በምዕራብ ስለሚጠልቁ ለእኛ አገር ይበልጥ ይመቻሉ።

የሃይማኖት ቦታዎችም ይረዳሉ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ቤተልሔሙንም ብዙ ጊዜ በምሥራቅ በኩል ያገኙታል። መካ ከኢትዮጵያ በስተሰሜን ስለሆነች የመስጊድ ቂብላም ወደ ሰሜን ገደማ ነው።

ልምምዱ

ይህን ሁሉ ጉም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞክሩት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ጠራ ባለ የጥቅምት ጠዋት እንጦጦ ይውጣ። ወጨጫ በደቡብ ምዕራብ፣ ዝቋላ ወደ ደቡብ፣ የረር በደቡብ ምሥራቅ ይታያሉ። ሦስቱንም በኮምፓስ ያንብቡ። ቦታዎን ለማግኘት ዝቋላ በጣም ሩቅ ነው፤ ቤሪንግ ማንበብን ለመልመድ ግን በቂ ነው። ከዚያ ስልኩን አጥፍተው ለጓደኛ ይስጡ፤ ካርታው ላይ በ800 ሜትር ርቀት ያለ አንድ የመንገድ መጋጠሚያ ይምረጡ፣ ቤሪንጉን ያውጡ፣ እርምጃ እየቆጠሩ ይሂዱ። ደርሻለሁ ባሉበት ቦታ ስልኩ ተከፍቶ ስንት ሜትር እንደሳቱ ይታይ። ከ50 ሜትር በታች ሲሆን ርቀቱን እጥፍ ያድርጉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከንጋት በፊት፣ በግንባር ባትሪ ብርሃን ይድገሙት።